ለልጅ ሕክምና የሚጓዙ እግሮች፦ ገንዘቡ እንዴት ይሰበሰባል? ልጁ ጋስ ይደርሳል?

#ማብራሪያ

ስልካችንን ስንከፍት ደጋግመን የምናየው ነገር አለ፦ የሕፃን ፎቶ፣ ሰምተነው የማናውቅ የሕመም ስም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ። አንዳንዴም አባት ወይም እናት ካሜራ ፊት ቆመው "ለልጄ ስል ይህን ያህል ኪሎ ሜትር በእግሬ እሄዳለሁ" ይላሉ። አብዛኞቻችን "አይዞሽ" ብለን እንጽፋለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ የቻልነውን እንልካለን፤ ከዚያ ጣታችን ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ ያልፋል።

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ ግን ትንሽ ቆም እንበል። ሰው ለምን ለልጅ ሕክምና ብሎ ይሮጣል? ገንዘቡ እንዴት ይሰበሰባል? ከተሰበሰበ በኋላስ ልጁን ያድነዋል ወይ? (የምናነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ከደሴቱ እስከ ቤተ መንግሥቱ

በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ላይ፣ በደቡብ አሜሪካዊቷ ቺሊ፣ አንዲት እናት ከቺሎዌ ደሴት ተነስታ ወደ ዋና ከተማዋ ሳንቲያጎ በእግሯ መጓዝ ጀመረች። ርቀቱ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወርዶ እንደገና እስከ ሐዋሳ እንደመመለስ በሉት። ወቅቱ ደግሞ እዚያ አገር ብርዱ የሚጀምርበት ነው።

ምክንያቷ የ5 ዓመት ወንድ ልጇ ነበር። ልጁ ዱሸን የሚባል ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዳክም የዘረመል ሕመም አለበት። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ አዲስ ሕክምና አለ፤ ዋጋው ግን ለአንድ ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም። ማሰባሰብ የነበረባት 3.5 ቢሊዮን የቺሊ ፔሶ፣ ማለትም ወደ 3.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ጉዞው አንድ ወር ገደማ ፈጀ። በቀን ሲካፈል ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ በየቀኑ ማራቶን ለመጨረስ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። መንገድ ላይ ሰዎች እየወጡ ተቀበሏት፣ አብረዋት ተጓዙ፣ ገንዘብ ሰጧት። በግንቦት መጨረሻ ሳንቲያጎ ስትገባ የተፈለገው ገንዘብ ተሟልቶ ነበር፤ በቤተ መንግሥቱም ፕሬዚዳንት ጋብሪኤል ቦሪች ተቀብለው አነጋገሯት።

ብዙዎቻችን ያየነው የመጨረሻውን ቪዲዮ ነው፤ እቅፉን፣ እንባውን፣ ጭብጨባውን። ታሪኩን በደንብ ለመረዳት ግን ከሕመሙ መጀመር አለብን።

🔹 ዱሸን ምንድን ነው?

ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕመሙን በዝርዝር ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ጡንቻችን በተኮማተረ ቁጥር እንዳይጎዳ የሚጠብቀው ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሰውነታችን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ከአንድ ጂን በሚያገኘው መመሪያ ነው። ጂኑ ከተበላሸ ፕሮቲኑ አይኖርም፣ ጡንቻውም በጊዜ ብዛት እየሞተ በስብና በጠባሳ ይተካል።

ጂኑ ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ ሕመሙ በአብዛኛው የሚታየው ወንዶች ላይ ነው። ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ የወንድ ልደቶች ውስጥ አንዱ ላይ ይከሰታል ተብሎ ይገመታል።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፦

👉 ዘግይቶ መሄድ፣ ቶሎ ቶሎ መውደቅ፣ ደረጃ መውጣት መቸገር
👉 ባቱ ከመጠን በላይ መወፈር (ጠንካራ ይመስላል፣ ግን አይደለም)
👉 ከመሬት ሲነሳ እጁን ጉልበቱና ጭኑ ላይ እየተመረኮዘ፣ በራሱ አካል ላይ "እየወጣ" መቆም

ይህን ሦስተኛውን ያዙት። ሐኪሞች በዓለም ዙሪያ የሚፈልጉት ምልክት ነው። ወንድማችሁ ወይም የእኅታችሁ ልጅ እንዲህ የሚነሳ ከሆነ "ሰነፍ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ሲኬ የሚባል ቀላል የደም ምርመራ የመጀመሪያውን ፍንጭ ይሰጣል፤ በዱሸን ውጤቱ ከመደበኛው እጅግ በጣም ከፍ ይላል።

ልጆቹ ብዙውን ጊዜ 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወይም ከዚያ በፊት መሄድ ያቆማሉ። ቀጥሎ የመተንፈሻና የልብ ጡንቻ ይዳከማል። ስቴሮይድ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የልብና የሳንባ ክትትል ዕድሜን ያራዝማሉ፤ በጥሩ ክትትል እስከ 30ዎቹ የሚደርሱና የሚያልፉም አሉ። ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ግን እስካሁን የለም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ የማንም ጥፋት አይደለም። እርግማንም አይደለም። እናት ሳታውቀው ጂኑን ተሸክማ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ደግሞ ለውጡ እናት ላይ ጭራሽ የሌለ፣ አዲስ የተፈጠረ ነው። ልጁ ታሞ በላዩ ላይ እናቱን መውቀስ ድርብ በደል ነው።

🔹 መድኃኒት እንዴት 3 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል?

ለዱሸን የሚሰጠው የጂን ሕክምና በአጭሩ እንዲህ ነው። በሽታ የማያመጣ ቫይረስ ይወሰዳል፣ ውስጡ ይጸዳል፣ የሚሠራ ጂን ይጫንበታል፤ ከዚያ በደም ሥር ይሰጣል። ቫይረሱ እንደ መልእክተኛ ጂኑን ሕዋሶቹ ውስጥ ያደርሳል። የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው፤ ሰውነት መልእክተኛውን ስለሚለምደው ሁለተኛ ጊዜ ቢላክ ይዋጋዋል።

ማምረቱ ከባድ ነው፣ የታማሚው ቁጥር ትንሽ ነው፣ ምርምሩ ዓመታት ይፈጃል፤ ኩባንያዎቹ ዋጋቸውን በዚህ ያስረዳሉ። ተቺዎች ደግሞ ብዙው መሠረታዊ ምርምር በሕዝብና በበጎ አድራጎት ገንዘብ የተሠራ ነው፣ ዋጋው ግን የግል ነው ይላሉ። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦

👉 ዞልጀንስማ፦ ኤስኤምኤ ለሚባለው የጨቅላ ሕፃናት የነርቭና የጡንቻ ሕመም፤ አሜሪካ ውስጥ በ2019 ሲፈቀድ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ
👉 ኤሌቪዲስ፦ ለዱሸን፤ በ2023 ሲፈቀድ 3.2 ሚሊዮን ዶላር
👉 ሌንሜልዲ፦ ኤምኤልዲ ለሚባል የአእምሮ ነርቭ ሕመም፤ በ2024 ሲፈቀድ 4.25 ሚሊዮን ዶላር

ዞልጀንስማን የሚያመርተው ኩባንያ በ2020 መድኃኒቱ ላልተፈቀደባቸው አገሮች በዓመት እስከ 100 ሕፃናት በነጻ የሚያገኙበት ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ጥሩ ነው፤ አመራረጡ ግን በእጣ ነበር። ወላጆች ስልክ ይዘው የልጃቸው ስም ወጣ አልወጣ ብለው የሚጠብቁበት እጣ! ብዙ ትችት ያስነሳውም ይኼው ነው።

ከዋጋው ሌላ ደግሞ ሰዓት አለ። ዞልጀንስማ ሲፈቀድ ለ2 ዓመት በታች ብቻ ነበር። ኤሌቪዲስም መጀመሪያ የተፈቀደው መራመድ ለሚችሉ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች ነው። የቺሊው ልጅ 5 ዓመቱ ነበር ብለናል። አሁን እናቱ ለምን በጋውን እንዳልጠበቀች ይገባናል። 6ኛ ዓመቱን ቢደፍን በሩ ይዘጋ ነበር። (ሳንቲያጎ ከገባች ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በሰኔ 2024፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የዕድሜ ጣሪያውን አነሳ። መንገድ ስትጀምር ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።)

🔹 ግን ለምን መሮጥ? ለምን ዝም ብሎ መለመን አይሆንም?

3.7 ሚሊዮን ዶላር ሲባል ጭንቅላታችን አይዘውም። 1,300 ኪሎ ሜትር ግን ይገባናል፤ እግራችን ያውቀዋል። ሒሳቡን ብናደርገው የቺሊዋ እናት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ2,800 ዶላር በላይ አሰባስባለች። ርቀት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ በየቀኑ የሚነገር ዜና አለው፦ "ዛሬ እዚህ ደረሰች፣ ይህን ያህል ቀራት።" ልመና አንድ ቀን ይታያል፤ ጉዞ ግን ሰው ነገ ተመልሶ እንዲያይ ያደርጋል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ክብር ነው። ወላጁ "ስጡኝ" ከማለት በፊት ራሱ አንድ ነገር ሲከፍል ይታያል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1980 ቴሪ ፎክስ የተባለ ካናዳዊ ወጣት፣ አንድ እግሩ በካንሰር ተቆርጦ፣ በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ተነሳ። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ስለተገኘ አቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት በ22 ዓመቱ አረፈ። ሕልሙ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ነበር፤ ከመሞቱ በፊት ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ አይቷል። በስሙ የሚደረገው ሩጫ ዛሬም ቀጥሏል።

በ1981 የተጀመረው የለንደን ማራቶን ደግሞ ነገሩን ሥርዓት አስያዘው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የመሮጫ ቦታ ይዘው ለሯጮች ይሰጣሉ፤ ሯጩ በምላሹ የተወሰነ ገንዘብ ከወዳጅ ዘመዱ ለማሰባሰብ ቃል ይገባል። ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ አልፏል።

🔹 ገንዘቡ ሞላ፤ መድኃኒቱስ ይሠራል?

እዚህ ጋ ደስ የማይል ግን መነገር ያለበት ነገር አለ።

ኤሌቪዲስ መጀመሪያ የተፈቀደው "በተፋጠነ" መንገድ ነው፤ ማለትም ጠቃሚ ሊሆን ይችላል ተብሎ፣ የተሟላ ማረጋገጫ ገና ሳይገኝ። በ2023 መገባደጃ ይፋ የሆነው ትልቁ ጥናት ዋና መለኪያውን አላሟላም፤ ልጆቹ ከመሬት ለመነሳት የሚፈጅባቸውን ጊዜ በመሳሰሉ ሌሎች መለኪያዎች ግን የተሻለ ውጤት አሳየ። በ2025 መራመድ ያቆሙ ሁለት ወጣት ታማሚዎች ሕክምናውን ከወሰዱ በኋላ በጉበት ሥራ ማቆም ሞቱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበትና መራመድ ለሚችሉ ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። የአውሮፓው ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ደግሞ መድኃኒቱ እንዳይፈቀድ መከረ።

ይህ ማለት ወላጆች ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ልጅህ ነገ መሄድ እንደሚያቆም እያወቅህ "ጥናቱ እስኪያልቅ ልጠብቅ" ማለት ከባድ ነው። ግን ገንዘብ ስንሰጥ የምንሰጠው ለተስፋ እንጂ ለዋስትና አለመሆኑን ማወቅ አለብን። "መድኃኒቱን ካገኘ ይድናል" የሚል ቪዲዮ ስታዩ ጥያቄ አንሱ። ልዩነቱም ትልቅ ነው፦ በኤስኤምኤ የጂን ሕክምና ምልክት ሳይጀምር የተሰጣቸው ሕፃናት ተቀምጠው፣ ቆመው፣ ሄደው ታይተዋል፤ ያለ ሕክምና ግን ከባዱ ዓይነት ያለባቸው አብዛኞቹ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ወይም ያለ ማሽን መተንፈስ አይችሉም ነበር። ሁሉም የጂን ሕክምና አንድ አይደለም።

🔹 ሁለተኛው መንገድ፦ ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለሁሉም

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል ሳንባንና የምግብ መፍጨት ሥርዓትን የሚጎዳ የዘረመል ሕመም አለ። በ1955 አሜሪካ ውስጥ ወላጆች ተሰባስበው ለዚህ ሕመም ፋውንዴሽን አቋቋሙ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ልጆች አንደኛ ክፍል ሳይገቡ ይሞቱ ነበር። ፋውንዴሽኑ በየከተማው በሚያዘጋጃቸው የእግር ጉዞዎችና በሌሎች መንገዶች ያሰባሰበውን ገንዘብ ለአንድ ልጅ ሕክምና አላዋለውም፤ መድኃኒት እንዲፈልግለት ለአንድ ኩባንያ ሰጠ።

በ2012 የመጀመሪያው መድኃኒት ተፈቀደ። በ2014 ፋውንዴሽኑ ከመድኃኒቶቹ ሽያጭ የሚያገኘውን ድርሻ በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጦ ገንዘቡን ወደ ሥራው መለሰ። በ2019 ደግሞ ለ90 በመቶ ያህሉ ታማሚዎች ሊሆን የሚችል መድኃኒት መጣ።

ታሪኩ ግን ሙሉ በሙሉ ጣፋጭ አይደለም። ያ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው በዓመት ከ300,000 ዶላር በላይ ነበር። ወላጆች ተጉዘው ባሰባሰቡት ገንዘብ የተወለደ መድኃኒት፣ ሌላ አገር ያለ ወላጅ እንደገና ሊለምንለት ሆነ።

🔹 እኛ ጋስ?

አገራችን የሩጫ አገር ናት። በ2001 በኃይሌ ገብረሥላሴ የተመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ10 ኪሎ ሜትሩ ጋር አያይዞ ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ የሚሰበስብበት ዘመቻ አለው። ስለዚህ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ችግሩ ቀድሞ ይጀምራል። የዘረመል ምርመራ በአብዛኛው ናሙና ወደ ውጭ እየተላከ የሚሠራ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሕመሙን ትክክለኛ ስም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ ስሙ ሲታወቅ ደግሞ የዕድሜው በር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የገንዘብ ማሰባሰቢያ መንገዱም ጠባብ ነው፦ ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው በቀጥታ ስለማይሠራ ውጭ ያለ ዘመድ በስሙ መክፈት አለበት፤ በቲክቶክ ላይቭ ከሚገባው ስጦታ ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። ለዚህ ነው የባንክ ሒሳብና ቴሌብር የሚቀናን።

🔹 ከመላካችሁና ሼር ከማድረጋችሁ በፊት

👉 የሕመሙ ስምና የሐኪም ማስረጃ አለ? ሕክምናውን እሰጣለሁ ያለ ሆስፒታል በጽሑፍ ተቀብሎታል?
👉 ሒሳቡ በማን ስም ነው? ከአንድ ሰው በላይ የሚፈርምበት ከሆነ ይሻላል።
👉 የሒሳብ ቁጥሩን ከቤተሰቡ ዋና ገጽ ጋር አስተያዩ። አጭበርባሪዎች እውነተኛ ቪዲዮ ወስደው ቁጥሩን ብቻ ይቀይራሉ።
👉 ገንዘቡ ቢተርፍ፣ ሕክምናው ባይሳካ ወይም ልጁ ቢያርፍ ምን ይሆናል? ይህን ከመጀመሪያው የተናገረ ቤተሰብ እምነት ይጣልበታል።
👉 ከዘመቻው በኋላ ሪፖርት አለ?

የመጨረሻው ቀላል አይደለም። በ2020 ካፒቴን ቶም ሙር የተባሉ የ99 ዓመት እንግሊዛዊ አዛውንት ጓሯቸውን 100 ጊዜ በምርኩዝ ተመላልሰው ለብሪታኒያ የጤና አገልግሎት በጎ አድራጎት ከ38 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስገኙ። ያ ገንዘብ በትክክል ደርሷል። ኋላ በስማቸው በተቋቋመው ሌላ ፋውንዴሽን ግን የአገሪቱ የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ቤተሰቡ የግል ጥቅም ማግኘቱን ገለጸ። የአዛውንቱ ልፋት እውነተኛ ነበር፤ ስማቸው ግን ተጎዳ።

🔹 "እኔ ልሩጥ" ለምትሉ

👉 ሰውነታችሁን አዘጋጁ። ለማራቶን እንኳ የተለመደው ልምምድ ከ16 እስከ 20 ሳምንት ነው። መንገድ ላይ መውደቅ ለልጁ አይጠቅምም።
👉 ብቻችሁን አትሂዱ። ተከታይ መኪና፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ለሚያልፉባቸው ቦታዎች አስተዳደር ማሳወቅ ግድ ነው።
👉 ቤተሰቡ ያልጠየቀውን አትጀምሩ። መጀመሪያ ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፤ አንዳንዴ የሚፈለገው የጂን ሕክምና ሳይሆን ዊልቸር፣ የመተንፈሻ ማሽን ወይም የታክሲ ገንዘብ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ሰፈር ሩጫ ይሞላል።
👉 የልጁን ክብር ጠብቁ። ሲያለቅስ፣ ራቁቱን፣ ቱቦ ተሰክቶበት የሚያሳይ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ይቀራል። ልጁ ካደገ አንድ ቀን ያየዋል።

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ የቺሊዋ እናት ገንዘቡን ያገኘችው መራመድ ስለቻለች፣ ካሜራ ስላገኛት፣ ሕዝብ ስለተከተላት ነው። በዚያው ሕመም የተያዘ፣ እናቱ የታመመች ወይም ተከታይ የሌላት ሌላ ልጅም አለ። የልጅ ሕክምና በእናቱ እግርና በእኛ ላይክ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም። እስኪስተካከል ድረስ ግን እንሰጣለን፣ እንሮጣለን፤ ስንሰጥ እየጠየቅን፣ ስንሮጥ ደግሞ ከኋላችን ሒሳብ እያስቀመጥን።

ከመሬት ሲነሳ ጭኑን የሚመረኮዘውን ትንሽ ልጅም አትርሱት። አንድ የደም ምርመራ ነው። ለወላጅ አጋሩ።